የጦሩ የደኅንነት ሶፍትዌር፦ የጎደለው ብር ነው ወይስ አንባቢ?

የአሜሪካ ጦር አደጋ የሚከላከልበትና የሚመዘግብበት ሶፍትዌር ለምን ኋላ ቀረ የሚለውን ጥያቄ የለጠፍኩት እኔ ስለሆንኩ ክሩን፣ ማለትም ከሥሩ የተደረደረውን ምላሽ ሁሉ፣ የመተረክ ዕዳውም የኔ ነው። መድረካችን አሜሪካ የምንኖር፣ ግማሻችን በኮምፒውተር ሥራ ግማሻችን በውትድርና ያለፍን አበሾች የምንነታረክበት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

ነገሩ የጀመረው ከእህቴ ልጅ ነው። የአሜሪካ ምድር ጦር ውስጥ ሳጅን ነው። አንድ ማታ ስደውልለት ፎርም እየሞላ ነበር። ጠዋት አምስት መኪና ይዘው ሊወጡ ነው። ከመውጣታቸው በፊት ምን አደጋ ሊያጋጥም እንደሚችል፣ በምን እንደሚከላከሉት፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ስጋት ምን ያህል እንደሆነ የሚጻፍበት ወረቀት አለ። ዲዲ 2977 ይሉታል። ፒዲኤፍ ነው። ልጁ ያለፈውን ከፈተ፣ ቀኑን ቀየረ፣ የሹፌሮቹን ስም ቀየረ። እኔ ቀኑን ሙሉ ዳታቤዝ ላይ የምውል ሰው ነኝ፣ አላስችል አለኝ። ይኼ ከተፈረመ በኋላ የት ይሄዳል ብዬ ጠየቅኩት። ፎልደር ውስጥ ይገባል አለኝ። ፎልደሩስ ስለው ሳቀ።

በማግስቱ ለጠፍኩ። ሁለት ቁጥር አስቀደምኩ። የኮንግረሱ ኦዲተር መሥሪያ ቤት ጋኦ በ2021 እንዳወጣው፣ ከ2010 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ምድር ጦሩና ማሪኖቹ ከውጊያ ውጪ 3,753 የወታደራዊ ተሽከርካሪ አደጋ አድርሰዋል። 123 ወታደር ሞቷል። ሁለተኛው የአየሩ ነው። የወታደራዊ አቪዬሽን ደኅንነት ብሔራዊ ኮሚሽን በ2020 መጨረሻ ባቀረበው ሪፖርት ከ2013 እስከ 2018 ከ6,000 በላይ አደጋ፣ 198 ሟች፣ 157 የወደመ አውሮፕላን ቆጥሯል። ኪሳራው 9.41 ቢሊዮን ዶላር። ከዚያ አቋሜን ጻፍኩ። ጦሩ በፒዲኤፍ የሚሠራው ኮንግረሱ ብር ስለማይመድብለት ነው፤ ለሁሉም አንድ ዘመናዊ ሲስተም ይሠራ፣ ብሩ አንዴ ይውጣ፣ ነገሩ ይዘጋ አልኩ። አሁን ሳነበው ትንሽ ያሳፍረኛል።

1ኛው ምላሽ በጣም ጨዋ ነበር። ምስጋና አስቀድሞ፣ ወንድሜ ብሎ፣ ሁለት ነገር እንደቀላቀልኩ ነገረኝ። አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚመዘገብበት ሲስተም ሌላ ነው፣ ከመውጣት በፊት ስጋት የሚመዘንበት ሌላ። የመጀመሪያው ፒዲኤፍ አይደለም፣ ብዙ ብር የወጣበት ነው። አየር ኃይሉ አፍሳስ የሚባል አለው፤ የደኅንነት ማዕከሉ ያለው አልበከርኪ፣ ከርትላንድ ነው። ምድር ጦሩ አስሚስ አለው፣ ማዕከሉ አላባማ ፎርት ራከር። ባሕር ኃይሉና ማሪኖቹ በ2020 የድሮውን ጥለው አር ኤም አይ ወደሚባለው ገብተዋል፤ የነሱ ኖርፎክ ነው። ክላስ ኤ የሚባለውን ከሁሉ የከበደ የአደጋ ደረጃም አስረዳን። ሰው የሞተበት ወይም ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ የአካል ጉዳተኛ የሆነበት፣ አውሮፕላን የወደመበት፣ ወይም ከ2019 ኦክቶበር ጀምሮ ጉዳቱ 2.5 ሚሊዮን ዶላር የደረሰ አደጋ ነው። በክብር ታረምኩ።

2ኛውን እስካሁን አልረሳሁትም። ጸሐፊው ወታደር የሆነው በአማርኛው ነው። ማቭኒ የሚባል ፕሮግራም ነበር። በ2009 ሲጀመር ጦሩ የሚፈልጋቸውን ቋንቋዎች የሚናገር ሰው ግሪን ካርድ ባይኖረውም ተቀጥሮ ዜግነት ያገኝ ነበር፤ አማርኛም ዝርዝሩ ውስጥ ነበረች። ይኼ ሰው የተመደበው አላስካ ነው። ጃንዋሪ ላይ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ሲሆን፣ የኮንቮይ ፎርም እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። ከሱ በፊት የነበረው ሰው ናሙና ትቶለት ሄዷል። ከፈተው። የመጀመሪያው ስጋት የፀሐይ ሙቀት። መከላከያው ውሃ በብዛት መጠጣት። የሚቀረው ስጋት ዝቅተኛ። ለካ ፎርሙ ከደቡብ፣ ከበጋ ልምምድ የተቀዳ ነው። ወደ ኋላ ያሉትን ሲገልጥ ክረምቱን ሁሉ እንደዚያው ነው። ፊርማ አላቸው፣ ቀን አላቸው፣ ሁሉ ነገር አላቸው። አንድም የፈረመ ሰው በረዶ ላይ ቆሞ ስለ ፀሐይ የሚያወራ ወረቀት መፈረሙን አላየም።

3ኛው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ውሃው ሳይጠጣ በረዶ ሆኖ ይሆናል የሚል። ክሩ ላይ ከሁሉ በላይ የተሳቀበት እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ፎርም ለፎርምነቱ ሲሞላ ውሃ ጠጣ ማለት የመድረኩ ኮድ ሆነ።

4ኛው ስለ ብር ነው፣ እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ። ጸሐፊው የመከላከያ ሚኒስቴር ኮንትራቶች በጀት ላይ የሠሩ፣ በዕድሜም የገፉ ሰው ናቸው። ያስረዱን በቤት ወጪ ነው። ለዘይት የተሰጠሽ ብር ጤፍ አይገዛበትም ቢባል ማለት ነው። ፔንታጎን ውስጥ ብር ቀለም አለው ይላሉ። የምርምርና የልማት ብር ሁለት ዓመት ይቆያል። የዕቃ ግዥ ብር ሦስት ዓመት። የሥራ ማስኬጃና የጥገና ብር አንድ ዓመት፣ ከዚያ ይቃጠላል። ሶፍትዌር ግን የትኛው ነው? የተበላሸ በተን ማስተካከል ጥገና ነው። አዲስ በተን መጨመር ልማት ነው። ሁለቱን ዛሬ አንድ ልጅ በአንድ ወንበር ተቀምጦ ይሠራቸዋል፣ ደመወዙ ግን ከሁለት ኪስ መውጣት አለበት። በዚህ ምክንያት አዲሱን በተን ትተው አሮጌውን ሲጠግኑ ዓመቱ ያልቃል። በ2021 የበጀት ዓመት ለተመረጡ የሶፍትዌር ሥራዎች አንድ ቀለም ብቻ ያለው ብር በሙከራ ተጀምሯል። እሳቸው እንደሚሉት ቁም ነገሩ ያ ነው፣ የደኅንነት ሶፍትዌርም እዚያ ወረፋ ይያዝ። ሌላም አከሉ። ኮንግረሱ በጀቱን ኦክቶበር 1 ሳያጸድቅ ሲቀርና ባለፈው ዓመት መጠን ቀጥሉ ሲል፣ አዲስ ሥራ መጀመር ክልክል ነው። ስለዚህ ብሩ አንዴ ይውጣ ያልኩት ነገር የሕልም እንጀራ ነው።

5ኛው ይኼን አልወደደውም። ተው እንጂ፣ በዓመት ከ800 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚበላ መሥሪያ ቤት ብር አነሰው አትበሉን አለ። ለአንድ ጄት ጎማ የሚወጣው ፎርሙን አሥሬ ያሠራዋል ባይ ነው። የጎማውን ዋጋ ከየት እንዳመጣው ማንም አልጠየቀውም። 6ኛው እንዳልተጣላ ሰው ሆኖ መለሰለት። ድስቱ ትልቅ ስለሆነ ሁሉም ሳህን ይሞላል ማለት አይደለም። ጄት የሚሠራበት ከተማ ወኪሉን ኮንግረስ ይልካል፤ የአደጋ መዝገብ የሚሠራበት ከተማ የለም። ይኼ ከ4ኛው ይልቅ ገባኝ።

ከ7 እስከ 10 ያሉት ከመንገድ ወጡ። አንዱ የኒውክሌር ማዘዣው ሲስተም እስከ 2019 ድረስ በስምንት ኢንች ፍሎፒ ዲስክ ይሠራ እንደነበር አነሳ። እውነት ነው። ሌላው ፍሎፒ ሃከር አይደርስበትም ብሎ ተሟገተ። ሌላዋ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ስትማር ፍሎፒውን በፌስታል ጠቅልላ ትይዝ እንደነበር ተረከች። ደስ ይላል፣ ግን አልፋለሁ።

11ኛው ከመርከብ የወረደ ሰው ነው። ዘመናዊ ይሁን ስትሉ ቀስ በሉ ብሎ ጀመረ። ኦገስት 21 ቀን 2017 ጆን ማኬን የተባለችው የባሕር ኃይሉ መርከብ ሲንጋፖር አጠገብ ከነዳጅ ጫኝ ጋር ተጋጨች። 10 ባሕረኞች ሞቱ። መሪውና የፍጥነት መቆጣጠሪያው አዲስ ንክኪ ስክሪን ነበር። መሪው ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲዛወር ሰዎቹ አላወቁም፤ መሪ የጠፋባቸው መሰላቸው። የግራና የቀኝ ሞተሩም ተለያይቶ አንዱ ሲቀንስ አንዱ ቀጠለ። ባሕር ኃይሉ በኋላ በእጅ የሚያዘውን ማንሻ እንደሚመልስ በ2019 አሳወቀ። ስለዚህ አሮጌ ነው ብላችሁ አትጣሉ አለ።

12ኛዋ ጠንከር አለች። ርዕሱን ሳያነቡ የሚጽፉ አሉ ብላ ጀመረች። የመርከብ መሪና የስጋት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ምን አገናኛቸው? ወንድሜ የሚለው ቃል እዚህ ጋ ጠፋ።

13ኛው ግን ሁለቱንም አስታረቀ፣ በአንድ ቁጥር። ከማኬን ሁለት ወር በፊት፣ ጁን 17፣ ፊትዝጄራልድ የተባለችው መርከብ ጃፓን አጠገብ ተጋጭታ 7 ሰው ሞቶባታል። ያን ሰሞን ጋኦ ለኮንግረስ ሲመሰክር፣ በ2017 ጁን ላይ ጃፓን የሰፈሩት የክሩዘርና የዲስትሮየር ሠራተኞች ከያዙት የውጊያ ብቃት ማረጋገጫ 37 በመቶው ጊዜው ያለፈበት ነበር። ከ2015 ጋር ሲተያይ ከአምስት እጥፍ በላይ። መርከቦቹ ግን ይወጡ ነበር። ጊዜው ባለፈ ቁጥር የስጋት ማቅለያ ዕቅድ የሚል ወረቀት ይሞላል፣ ይፈረማል፣ ጉዞ ይቀጥላል። ወረቀቱ አውቋል፤ መርከቧ አላወቀችም። የአላስካው ሰውዬ ተመልሶ መጣና ውሃ ጠጥተዋል ብሎ ብቻ ሄደ።

14ኛው ለኔ ሐሳብ የቆመልኝ ብቸኛው ነው። ጁን 2 ቀን 2016 ቴክሳስ ፎርት ሁድ ውስጥ አንድ የጭነት መኪና በዝናብ በሞላ ጅረት ተገልብጦ 9 ሰው ሞተ። አንዱ ገና የዌስት ፖይንት ተማሪ ነበር። ጸሐፊው እንዲህ ይላል። ትናንት ማታ የተሞላ ፒዲኤፍ ዛሬ ጠዋት የዘነበውን አያውቅም። ከአየር ጠባይ መረጃና ከመንገድ መዝጊያ ማስታወቂያ ጋር የተያያዘ ሶፍትዌር ቢሆን ግን ቀዩን መብራት ያበራል። ፍሬ ያለው ክርክር ነው። በጎርፉ ቀን ሶፍትዌር ቢኖር ይተርፉ ነበር አላለም፤ እኔም አልልም።

15ኛውን ሳነብ ዝም አልኩ። አንዲት እናት ናቸው። እኔ ስለ ጦር አላውቅም ብለው ስለ ኢቲ 302 ጻፉ። ኦክቶበር 29 ቀን 2018 የላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን 189 ሰው ይዞ ኢንዶኔዥያ ባሕር ውስጥ ወደቀ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን የራሱን የስጋት ስሌት ሠርቶ ነበር። ምንም ካልተስተካከለ በማክስ አውሮፕላኖች ሁሉ የአገልግሎት ዘመን 15 ያህል ተጨማሪ አደጋ ሊደርስ ይችላል የሚል ውጤት አወጣ። አውሮፕላኑ ግን መብረሩን ቀጠለ። ማርች 10 ቀን 2019 የእኛው ማክስ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፣ 157 ሰው። ስሌቱ ለሕዝብ የወጣው በዓመቱ ዲሴምበር በኮንግረስ ችሎት ላይ ነው። ሴትዮዋ ከዚህ በላይ አልጻፉም። ለስሌቱ ምን ብር ጎደለው? አላሉም፤ እኔ ነኝ የምለው።

ከዚህ በኋላ የክሩ ድምፅ ተለወጠ። አስተያየት ሰጪዎቹ እርስዎ መባባል ጀመሩ፣ ለሁለት ሦስት ምላሽ ያህል።

17ኛው (16ኛው ነፍስ ይማር ብቻ ነው) እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳ ሰው ነው። ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ማታ ሬገን አየር ማረፊያ ተራ ይዞ ነበር። ብዙዎቻችን እዚያ ሠርተናል፣ ፓርኪንጉም ዊልቸሩም በአበሻ ነው። መጀመሪያ ተራው መንቀሳቀስ አቆመ ይላል። ተሳፋሪ የለም። ከዚያ ሳይረን፣ ከዚያ ወንዙ ላይ መብራት። የምድር ጦሩ ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተርና የመንገደኛ ጄት ፖቶማክ ላይ ተጋጭተው 67 ሰው ሞቷል። የተራው አለቃ ወደ ቤታችሁ ሂዱ ሲላቸው ማንም ሞተር አላስነሳም አለ።

18ኛው ቁጥሩን አመጣ። የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርዱ መርማሪዎች ከአደጋው በኋላ የተከማቸውን መረጃ ሲያገላብጡ፣ ከ2021 ኦክቶበር እስከ 2024 ዲሴምበር በዚያ አየር ማረፊያ ሄሊኮፕተርና የመንገደኛ አውሮፕላን 15,214 ጊዜ ከልክ በላይ ተቀራርበው አገኙ። ከነዚህ በ85ቱ የከፍታ ልዩነታቸው ከ200 ጫማ ያነሰ፣ የጎን ርቀታቸው ከ1,500 ጫማ ያነሰ ነበር። መረጃው ተሰብስቧል። ሰርቨር ላይ ነበር። ሰርቨሩም አልተሰበረም።

እኔ የማስበው ክሩ ርዕሱን ያገኘው እዚህ ላይ ነው። በመነሻዬ ሲስተም የለም ብዬ ነበር። ለካ ሲስተሙ አለ፣ ቁጥሩም አለ። ቁጥሩን ከፍቶ ለአብራሪው የሚደውል ሰው ነው የሌለው።

19ኛው ግን ሰላማችንን አፈረሰው። እናንተ የኮምፒውተር ሰዎች ሁሉን በኮምፒውተር ታያላችሁ ብሎ ገባ። ጉዳዩ ፊርማ ነው አለ። በፎርሙ ላይ የሚቀረው ስጋት አራት ደረጃ አለው፤ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ፣ እጅግ ከፍተኛ። በብዙ ቦታ ዝቅተኛውን ሻምበሉ ይፈርማል፣ መካከለኛውን የሻለቃ ጦሩ አዛዥ፣ ከፍተኛውን ኮሎኔሉ፣ እጅግ ከፍተኛውን ጄኔራል። አሁን አስቡት አለ። ዓርብ ከሰዓት ነው። ሰኞ ልምምድ አለ። ከፍተኛ ብለህ ከጻፍክ ኮሎኔሉን ፈልገህ ማስፈረም አለብህ። ስለዚህ መከላከያው ሣጥን ውስጥ ሁለት ዐረፍተ ነገር ትጨምራለህ፣ ከፍተኛው መካከለኛ ይሆናል። ሦስት ብትጨምር ዝቅተኛ። ያንን ዌብሳይት ላይ አድርጉት፣ አፕ አድርጉት፣ ሰውዬው ዓርብ ከሰዓት ኮሎኔል አይፈልግም።

ትክክል ነው ብዬ አስባለሁ። አነጋገሩ ግን ሰው አስቆጣ። 20ኛው መኮንን የነበረ ይመስለኛል፤ ለልጆቹ ነፍስ ሌሊት የማይተኛ አዛዥ አይታችሁ አታውቁም ብሎ ደነፋ። 21 ላይ 19ኛው ተመልሶ፣ ቢተኙ ይሻል ነበር አለ። 22ኛው ለሁለቱም የማይጻፍ ነገር ጻፈ። 23 ላይ የመድረኩ አስተናጋጅ ገብቶ አፋችሁን ጠብቁ አለ፤ ከዚያ በኋላ ከመጡትም ሁለት ምላሽ ሰረዘ። ለዚህ ነው ከ24 ወደ 27 የምንዘለው።

27ኛው ክሱን ሳይሆን ማስረጃውን አመጣ። ጁላይ 30 ቀን 2020 ሳን ክሌመንቴ ደሴት አጠገብ በውሃም በየብስም የሚሄድ የማሪን ተሽከርካሪ 16 ሰው ይዞ ሰጠመ። 9 ሞቱ፤ ስምንት ማሪንና አንድ ባሕረኛ። ምርመራው ተሽከርካሪዎቹ በመጥፎ ይዞታ ላይ እንደነበሩና ሥልጠናው እንዳልተሟላ አገኘ። ይኼ ሚስጥር አልነበረም ይላል ጸሐፊው። የጥገና ወረቀቱ አንድ ቦታ ነው፣ የሥልጠና መዝገቡ ሌላ ቦታ፣ የስጋት ፎርሙ ሦስተኛ ቦታ። ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢገናኙ ኖሮ እንኳን አዛዥ ሕፃንም አይፈርምም።

28 ላይ ሴትየዋ መጣች። ለኔ የክሩ ባለቤት እሷ ናት።

የክፍሏ የደኅንነት ኃላፊ ነበረች፤ ግን በተደራቢነት። ዋና ሥራዋ የመለዋወጫ ዕቃ ክፍል ነው። ጦሩ ውስጥ ተደራቢ ሥራ ማለት ምሳ ሰዓትህ ማለት ነው ትላለች። የትኛው ሲስተም እንደሆነ አልጻፈችም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የክፍሉ ኮምፒውተር የጋራ ነው። መታወቂያ ካርድህን ትሰካለህ፣ ቁጥር ታስገባለህ፣ ይጠብቅሃል። አንድ ጊዜ ፎርክሊፍት ዕቃ ሲያወርድ አንድ ልጅ እግር አጠገብ ጣለ። የጣት ስፋት ነው የተረፈው። ማንም አልተጎዳም፣ ስለዚህ ማንም አልጠየቃትም። እሷ ግን ልመዝግብ አለች። ብዙ ገጽ ነው። የነፋሱን ፍጥነት ይጠይቃል፤ መጋዘን ውስጥ ናት። የልጁን የእንቅልፍ ሰዓት ልትጠይቀው ሄዳ ስትመለስ ሲስተሙ ቆይተሻል ብሎ ዘግቶባታል። ሁሉም ጠፋ። እንደገና ጻፈች። ከዚያ ወዲያ መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ ጽፋ ነው የምትቀዳው።

ይኼ ቅሬታዋ አይደለም። ቅሬታዋ በሁለት ዓመት ውስጥ ለትንሽ የተረፉ አሥራ አንድ ነገሮች መላኳና ከአሥራ አንዱ አንድም መልስ አለማግኘቷ ነው። ደርሶናል የሚል እንኳን የለም። ሌላ ክፍል ተመሳሳይ ፎርክሊፍት እንዳለው፣ እዚያም እንደዚሁ እንደሆነ የነገራት የለም። አሥራ ሁለተኛውን አልላከችም። ስለ አሥራ ሁለተኛው ምንም አልጻፈችም።

29 ላይ የ4ኛው አዛውንት ተመለሱ። እህቴ ብለው ጀመሩ፣ ጽሑፏን ሁለት ጊዜ እንዳነበቡትም ነገሯት። ከዚያ እኔ ጨርሶ ያልሰማሁትን ነገር አወሩ፤ ከሚኖሩበት ሰፈር ብዙም ሳይርቅ የሆነ። ዲሴምበር 1 ቀን 1974 ቲደብሊውኤ 514 የተባለው የመንገደኛ አውሮፕላን ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለው ደለስ አየር ማረፊያ ሲወርድ ቨርጂኒያ ውስጥ ማውንት ዌዘር ከተባለው ተራራ ጋር ተላተመ። 92 ሰው ሞተ፣ የተረፈ የለም። መርማሪዎቹ ሲያጣሩ ከስድስት ሳምንት በፊት የዩናይትድ አውሮፕላን እዚያው መስመር ላይ በዚያው አለመግባባት ተራራውን ለጥቂት ስቶታል። የዩናይትድ ሰዎች ሪፖርት አድርገዋል። ኩባንያውም ለራሱ አብራሪዎች አሳውቋል። የቲደብሊውኤ አብራሪ ግን የዩናይትድን ወረቀት ከየት ያየዋል?

ከዚያ በኋላ በ1976 የተቋቋመው የአቪዬሽን ደኅንነት ሪፖርት ሥርዓት ነው። የሚያስተዳድረው የሚቀጣው ባለሥልጣን ሳይሆን ናሳ ነው። ትልካለህ፣ ስምህን ያጠፉታል። ዋናው ግን በየወሩ አንድ ጋዜጣ ያወጣሉ፤ አብራሪዎች የላኩት ታሪክ ተመርጦ ለአብራሪዎች ይመለሳል። አዛውንቱ ሒሳቡን እንደ ልማዳቸው በቀለም አስቀመጡት። መሰብሰቢያው የልማት ብር ነው። አንብቦ የሚመልሰው ሰው ደመወዝ የሥራ ማስኬጃ ብር ነው፣ በየዓመቱ የሚቃጠለው። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚነካው ያ ሰው ነው። ሶፍትዌሩ ይተርፋል፣ አንባቢው ይቀነሳል።

ስለዚህ በመነሻዬ ያልኩትን እዚያው ክሩ ላይ፣ በ30 ቁጥር፣ አስተካከልኩ። ብር ይጨመር የሚለውን አልተውኩም። ግን የመጀመሪያው ዶላር ለ28ኛዋ ሴትዮ መልስ ለሚጽፍ ሰው ይሁን አልኩ። ገጹን ማሳመሩ ከዚያ ይቀጥላል። 31ኛው ይኼ የዋህነት ነው አለኝ። በ2021 ዲሴምበር በወጣው ሕግ የጋራ የደኅንነት ምክር ቤት መቋቋሙን፣ የሁሉም ጦር መረጃ በአንድ ዓይነት መልክ እንዲመዘገብ ሥራው መሆኑን አስታወሰኝ። መጀመሪያ ቃላቱ አንድ ካልሆኑ አንባቢህ ምኑን ያነጻጽራል? አየር ኃይሉ አንድ ነገር የሚለውን ምድር ጦሩ ሌላ ይለዋል። ይኼም እውነት አለው። ግን ቃላቱ እስኪስማሙ ፎርክሊፍቱ ይጠብቃል ወይ ብዬ መልሼለት እስካሁን ዝም ነው።

32 ላይ አንድ ልጅ እነዚህ ሲስተሞች ላይ ቅጥር አለ ወይ፣ ሲኩሪቲ ፕላስ የሚባለውን የኮምፒውተር ጥበቃ ሰርተፊኬት ይዣለሁ ብሎ ጠየቀ። ስድስት ሰው መለሰለት። ክሊራንስ (ሚስጥር የማየት ፈቃድ) ይፈልጋል፣ ለክሊራንስ ዜግነት ይፈልጋል፣ ሬዙሜህን ላክልኝ። እውነቱን ለመናገር በሙሉ ክሩ እንዲህ የተባበርንበት ቦታ የለም። እስከ 40 ድረስ ይኼው ነው።

የእህቴን ልጅ ክሩን ላክሁለት። ለሳምንት አልመለሰልኝም። ቅዳሜ ዕለት የፎርሙን አንድ መስመር ጽፎ ላከልኝ። ያለፈውን ሳይቀዳ ባዶውን ከፍቶ ነው የሞላው፣ ሰዓት ፈጅቶበታል። ውሃ የሚለው ነገር የለም። በስጋት ሣጥን ውስጥ የሦስተኛው መኪና ሹፌር ትናንት የተኛው አራት ሰዓት ብቻ ነው ብሎ ጽፏል።

ሻምበሉ ጠዋት ጠራው። ፎርሙን እንደያዘ ነው። ሹፌሩ ማን ነው አለው። ልጁ እኔ ነኝ አለ። ለምን አልተኛህም ሲለው ይኼን ስሞላ አመሸሁ ብሎ መለሰ። ሻምበሉ ለአፍታ አየውና ሌላ ሹፌር አስቀመጠ። ልጁ ከኋላ ተቀምጦ መንገዱን ሁሉ ተኝቶ ሄደ።

ይኼን በ41 ቁጥር ለጥፌዋለሁ። 42ኛው ሬዙሜ ነው።